«ፑሉን አሻሽል» የሚለውን አዝራር ስላነሳንበት ምክንያት

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ወር በላክነው ማሻሻያ በማከማቻ ሰርቨሮቻችሁ ላይ የነበረውን «ፑሉን አሻሽል» የሚል አዝራር አንስተናል። ፑል ማለት እንደ አንድ ማከማቻ አብረው የሚሠሩ ዲስኮች ስብስብ ነው። አስቀድመን ባለመንገራችን ይቅርታ። አዝራሩ ግን አይመለስም።

አንድ ደንበኛችን «በገንዘቤ የገዛሁትን ዕቃ ትቆልፉብኛላችሁ?» ብለው ጽፈውልኛል። ቃሉ እስካሁን ይከነክነኛል፤ ስለዚህ ላስረዳ።

ፑሎቹን የሚያስተዳድረው የፋይል ሥርዓት ዜድ ኤፍ ኤስ ቀድሞ በእትም ቁጥር ነበር የሚያድገው፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው የመጨረሻው እትም 28 ነው። ኋላ ቁጥሩ 5000 ላይ ቆመና እያንዳንዱ አዲስ ባህርይ የራሱን ምልክት ያዘ። ሰርቨሩ ዲስኮቹን ሲከፍት የማያውቀው ባህርይ ሥራ ላይ ውሎ ካገኘ፣ እንደ ባህርዩ ዓይነት ወይ ለንባብ ብቻ ይከፍታል ወይ ጭራሹን እምቢ ይላል። እምቢታው ደግ ነው፤ ጉዱ ያልገባውን እየገመተ ቢጽፍበት ነበር። ያ አዝራር ታዲያ ሁሉንም ባህርያት ባንድ ጊዜ ይፈቅድ ነበር፤ አንዴ የተፈቀደ ደግሞ መልሶ አይከለከልም።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ሥራውን ብቻዬን በጀመርኩበት ዘመን፣ በአንድ ደንበኛ ሰርቨር ላይ «አንዳንድ ባህርያት አልተፈቀዱም» የሚለው ማሳሰቢያ ሰላም ነስቶኝ ማታ አሻሻልኩት። ማሽኑን አጥፍቼ ሳስነሳው ማስነሻ ፕሮግራሙ ግረብ ፑሉን ማንበብ አቃተው። ጥቁር ስክሪን፣ አንድ መስመር፦ ያልታወቀ የፋይል ሥርዓት። መረጃው አልጠፋም፤ እኔ ግን ይህን ያረጋገጥኩት ሊነጋ ሲል ነው። ደንበኛው ጠዋት ሲገቡ ወለል ላይ ተቀምጬ አገኙኝ። አልተቆጡኝም፤ ዛሬም አብረውን ናቸው።

የዲስክ ዋጋ ሲንር ብዙዎቻችሁ አሮጌውን ሰርቨር ለመጠባበቂያ አስቀርታችኋል። አዲሱ በተቃጠለ ቀን ዲስኮቹን የሚቀበለው እሱ ነው፤ የሚያውቀው ግን የድሮውን ባህርያት ብቻ ነው። እኛም አሮጌ ሰርቨር ዲስኮቹን መክፈት መቻሉን ለመፈተሽ ስንል አሮጌ ማሽኖችን ሌት ተቀን እናበራለን። ወጪው ቀላል አይደለም፤ ከናንተም አልጠየቅንበትም።

አሁን ፑሎቻችሁን እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው በኦፕን ዜድ ኤፍ ኤስ (ክፍት በሆነው የዜድ ኤፍ ኤስ ዝርያ) 2.1 የመጣውን የተኳኋኝነት ገደብ ተጠቅመን በቀድሞው እትም በ2.0 ባህርያት ላይ አቁመናቸዋል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ይጻፍልን፤ መጠባበቂያ ቅጂውን አይተን አብረን እንፈቅደዋለን።

ትታችሁን ለመሄድ ያሰባችሁም እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ብትቆዩልን ደስ ይለናል። ብትሄዱም ገደቡን ጠብቆ የቆየ ፑላችሁን 2.0 ያለው የሌላ ድርጅት ሰርቨር ይከፍተዋል፤ እንዲከፍተው ያደረግነው እኛ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት