የአርባ ቀን ምስጋና ለጋሽ ዲከምቤ ሙቶምቦ

በእኛ ወግ አርባ ሲወጣ ምስጋና የሚያቀርበው የሟች ቤተሰብ ነው፤ ላጽናኑት፣ ድንኳን ለተከሉለት፣ ንፍሮ ለቀቀሉለት። እኔ ቤተሰብህ አይደለሁም፤ በአካልም ተገናኝተን አናውቅም። ግን ጋሼ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በአንጎል ካንሰር ማረፍህን ከሰማሁ ጀምሮ ሳልከፍለው የቆየሁት የምስጋና ዕዳ እንቅልፍ ነስቶኛል። ዛሬ አርባህ ነውና ልናገረው።

አሜሪካ፣ አትላንታ የመጣሁት አንተ ለከተማዋ የቅርጫት ኳስ ቡድን ለሆክስ በምትጫወትበት ዘመን ነው። መሀል ከተማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የማታ ፈረቃ እሠራ ነበር፤ አብረውኝ የሚሠሩትም አብዛኞቹ የአገሬ ልጆች ናቸው። ጨዋታህን በአንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ዙሪያ ተጠጋግተን እናያለን። በእግር ኳስ ስላደግን የምናደንቀው የሚያገባውን እንጂ የሚከለክለውን አልነበረም። ተከላካይን ቆሞ ማጨብጨብ ያስተማርከን አንተ ነህ። የተጋጣሚን ኳስ ከመለስክ በኋላ ያቺ ጣትህ ግራና ቀኝ ስትወዛወዝ እኛም ጣታችንን እያወዛወዝን እንጮህ ነበር። በ18 የውድድር ዘመን 3,289 ብሎክ፣ ወደ ቅርጫቱ ሲወረወር በእጅህ የመለስከው ኳስ! በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ መዝገብ ሐኪም ኦላጁዎን ከሚባለው ተጫዋች በቀር የሚበልጥህ የለም። አራት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሆነሃል።

ዕዳዬ ግን ከኳሱ ይልቅ በእናትህ በኩል የመጣ ነው። እናትህ ማማ ቢያምባ ማሪ በአገርህ በዴሞክራቲክ ኮንጎ ዋና ከተማ ኪንሻሳ ውስጥ ሲታመሙ ሆስፒታሉ ቅርብ ነበር። ከተማዋ ታምሳ፣ ሰዓት እላፊ ታውጆ፣ መውጫ ጠፍቶ እቤታቸው አረፉ። ይህን ያወቅሁ ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ፤ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። የእኔም እናት ወሎ ውስጥ ምጥ ጠንቶባት፣ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሟት ሌሊቱን ሲጓዝ፣ ጤና ጣቢያው ሳንደርስ መንገድ ላይ ነው ያረፈችው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ፋኖስ ይዤ እከተላቸው ነበር። እሷን ለማንም አንስቼ አላውቅም ነበር፤ ሐዘኑን ውጬ ዝም ብዬ ኖርኩ።

አንተ ግን ሆስፒታል ሠራህ። እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሐኪም ሆነህ አገርህን ልታክም ነበር ሐሳብህ፤ ኳሱ ወሰደህና በሌላ በር ተመለስክ። ሥራው ዓመታት ፈጀ፤ 29 ሚሊዮን ዶላር ሲወጣበት 15 ሚሊዮኑ ከኪስህ ነው። በእናትህ ስም 300 አልጋ ያለው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2007 በሽተኛ መቀበል ጀመረ። ኪንሻሳ ለአሥርት ዓመታት እንዲህ ያለ አዲስ ሆስፒታል አላየችም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ኦሎምፒክ ለመጡት ለአገርህ ሴቶች ቡድን ማሊያና ወጪ መሸፈንህን፣ በአባትህ ስም ምቡጂ ማዪ አካባቢ ያቆምከውን ትምህርት ቤትም አልረሳሁም። ለእኔ ግን ሆስፒታሉ ይበልጥብኛል፤ በዚያ በር የገባች እያንዳንዷ ወላድ እናቴን ትመስለኛለች።

ባለቤቱ ወይዘሮ ሮዝ፣ ልጆቹም፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የሄደው ገንዘብ የእናንተም ነበር፤ እሱ ኪንሻሳ በተመላለሰባቸው ቀናት ከእናንተ ርቆ ነበር። ለዚህም እጅ ነሥቼ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ጧፍ አበራሁ፤ አንዱን ላንተ፣ አንዱን ለማማ ማሪ፣ አንዱን ለእናቴ ለወለተ ማርያም።