ከቆላ ለተመለሰ ሕመምተኛ አንድ የደም ምርመራ አይበቃም

ለተከበሩ የዝግጅት ክፍሉ አዘጋጅ፦

በቅርቡ ስለ ወባ ባወጣችሁት ዘገባ ፈጣን የመመርመሪያ ኪት በሩብ ሰዓት ገደማ ውጤት ስለሚሰጥ የምርመራው ችግር ተቃልሏል የሚል መንፈስ አንብቤአለሁ። በምሥራቅ ጎጃም ደጋማ ወረዳ የምሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ፣ ሁመራና ቋራ ወርደው በጥቅምትና በኅዳር ወደ ቢቸና፣ ሞጣና ደብረ ማርቆስ አካባቢ የሚመለሱ ወጣቶች ጉዳይ ግን በዚህ የሚቋጭ አይደለም።

የመጀመሪያው ጉድለት ሕመምተኛው ከየት እንደ መጣ አለመጠየቁ ነው። ደጋ ላይ ወባ የለም ስለሚባል ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ለመጣ ሰው ቶሎ የሚታዘዘው የታይፎይድና የታይፈስ ምርመራ ነው፤ ዊዳል የተባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ደግሞ በቆየ ወይም በሌላ ኢንፌክሽን ጭምር ፖዘቲቭ ሊል ስለሚችል፣ ወጣቱ የታይፎይድ መድኃኒት ተሰጥቶት ሲሸኝ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ጥገኛ ተሕዋስ በደሙ ውስጥ መራባቱን ይቀጥላል። ፋልሲፓረም ብዙውን ጊዜ ከትንኝ ንክሻው ከ9 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ምልክት ስለሚያሳይ፣ እርሻው ላይ ደህና የነበረ ሰው አገሩ ገብቶ ቢወድቅ የሚያስገርም አይደለም። ሌላው የወባ ጥገኛ ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ አድፍጦ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል፣ በፋሲካ ሰሞን የታመመም ቢሆን «በመኸር የት ነበርህ?» ሊባል ይገባዋል።

ኪቱን አልንቅም፤ መብራት በሌለበት ጤና ኬላ ሌላ አማራጭ የለም። ሆኖም ኪቱ የሚፈልገው ጥገኛውን ራሱን ሳይሆን የሚያመነጨውን ፕሮቲን ነው። ለፋልሲፓረም በብዛት የሚያገለግለው ኤችአርፒ2 የተባለው ፕሮቲን ሕመምተኛው ከዳነ በኋላም ለሳምንታት በደም ውስጥ ስለሚቆይ፣ ቆላ ላይ ታክሞ የመጣውን ሰው ገና እንደ ታመመ ሊያስቆጥረው ይችላል። በተቃራኒው ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጎደለው ፋልሲፓረም በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ በተደረገ ጥናት ተገኝቷል፤ እንዲህ ያለው ጥገኛ ደሙን ሞልቶትም ኪቱ «የለም» ሊል ይችላል። በዚህ ላይ የደጋ ሰው ለወባ የዳበረ መከላከያ ስለሌለው ጥገኛው ገና ጥቂት ሳለ፣ ማለትም ኪቱ ሊስተው በሚችልበት መጠን ይታመማል። በ1951 ዓ.ም. መባቻ በከፍተኛ ቦታዎች ጭምር የተዛመተው ወረርሽኝ ወደ 150,000 ሰው እንደ ፈጀ የሚገመተውም ሕዝቡ ይህ መከላከያ ስላልነበረው ነው።

ስለዚህ ማይክሮስኮፑ ቦታውን ሊለቅ አይገባም፤ ግን በወጉ ከተሠራበት ነው። ወፍራሙ የደም ቅብ ሲደርቅ ከሥሩ የተቀመጠ የጋዜጣ ጽሑፍ በጭንቅ የሚነበብበት ውፍረት ሊኖረው ይገባል። በእኛ ብርድ ቅቡ ቶሎ አይደርቅምና በእሳት ላይ ማሞቅ የሚቀናቸው አሉ፤ ሙቀቱ ቀይ የደም ሕዋሳቱን ስለሚያጸናቸው ቀለሙ ሲፈስበት አይፈርሱም፣ ቅቡም ለንባብ አይሆንም። ሕዋሳቱን የሚያጸናው ፈሳሽ፣ ሜታኖል፣ የሚነካው ስሱን ቅብ ብቻ ነው፤ ዝርያውን የምንለየውም በእርሱ ነው። ጊምሳ የተባለው ማቅለሚያ በ10 በመቶ ከተበጠበጠ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በ3 በመቶ ከሆነ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይፈልጋል። «አልተገኘም» ብሎ ለመጻፍ ቢያንስ 100 የእይታ መስኮች መታየት አለባቸው፤ ወረፋው በረዘመበት ጠዋት ይህ እንደሚታለፍ ሙያው ውስጥ ያለን እናውቃለን። የስላይዱ፣ ማለትም ቅቡ ያለበት መስታወት፣ ሌላ ጥቅም፣ በቅማል የሚተላለፈው የግርሻ ትኩሳት ባክቴሪያም እዚያው ሊታይ መቻሉ ነው፤ የጉልበት ሠራተኞች ተጨናንቀው ከሚያድሩበት ቦታ ለመጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የመጀመሪያው ስላይድ ንጹሕ ቢሆንም ጥርጣሬው ካለ፣ በየ12 እስከ 24 ሰዓቱ እየተደገመ ሦስት ጊዜ መታየት አለበት። ፒሲአር የጥገኛውን ዘረ መል አባዝቶ እጅግ ጥቂቱን እንኳ የሚያገኝ ምርመራ ቢሆንም በወረዳ ደረጃ የለም፤ ውጤቱም ትኩሳት ለያዘው ሰው በጊዜው አይደርስም።

የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶችን የምጠይቀው፣ በላብራቶሪ ማዘዣው ወረቀት ላይ ባለፈው አንድ ዓመት ቆላ መውረድ አለመውረዱን የሚገልጽ መስመር እንዲጨመር፣ ከጥቅምት ጀምሮ ጊምሳና ስላይድ እንዳይጎድል፣ እንዲሁም ለድጋሚ ስላይድ በማግሥቱ የሚመለስ ሰው ካርድ እንደ አዲስ እንዳይከፍል ነው። ብዙዎቹ የሚቀሩት በዚህች ክፍያ ምክንያት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ከምሥራቅ ጎጃም