የግላጎሊቲክ ፊደል ከፎቶ ይውጣ

ለክሮኤሺያ ሪፐብሊክ የባህልና ሚዲያ ሚኒስቴር
ዛግሬብ

ጉዳዩ፦ የግላጎሊቲክ (የጥንቱ የስላቮች ፊደል) ጽሑፎችን ከፎቶው ጋር በፊደልም ስለማቅረብ

ክቡራን፣

ጤና ይስጥልኝ። በአማርኛ መጻፌ አይግረማችሁ። አስተርጓሚ ፍለጋ ስላንከራተትኳችሁ ይቅርታ። ነገሬ ስለ ፊደል ነውና በራሴው ፊደል ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በኮምፒውተር ጽሑፍ እየለቀምኩ ነው የምኖረው። ዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል በሁሉም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት፣ ከመምጣቱ በፊት የለቀምኳቸው ፋይሎች አሁንም አሉኝ። ስከፍታቸው የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ዝብርቅርቅ ይወጣል። ያኔ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ለ«ሀ» የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። ሶፍትዌሩ ሲሞት ጽሑፉም አብሮ ሞተ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። የእናንተ ግላጎሊቲክ በ2005 ተከተለ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው እትም፣ የዜማ ምልክቶቻችን ይዘት፣ ደረትና ርክርክም ቁጥር አገኙ። ቄርሎስ በ9ኛው መቶ ዘመን ለስላቮች የቀረጸው ፊደልና የእኛ ደብተራ ምልክት በአንድ በር ገቡ ማለት ነው። ይህን ሳውቅ ዘመድ ያገኘሁ ነው የመሰለኝ።

ከክርክ ደሴት የተገኘውን የባሽካ ድንጋይ በፎቶ አይቼዋለሁ። ከ1100 አካባቢ የቆየ ነው። ንጉሥ ዝቮኒሚር ለቅድስት ሉቺያ ቤተ ክርስቲያን መሬት መስጠቱን ይናገራል። እኛም ዘንድ የመሬት ስጦታ በወንጌል ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበርና ነገሩ ቤቴ ያለሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ፎቶው ያምራል። ግን ፎቶ ቃል በቃል አይፈለግም፣ ተቆርጦ አይለጠፍም።

በላቲን ወይም በሲሪሊክ (ሩሲያውያን በሚጽፉበት ፊደል) ተገልብጦ ይቀመጥ የሚል ይኖራል። ለንባብ ጥሩ ነው። ቁጥሩ ላይ ግን ጉድ አለ። ግላጎሊቲክ ፊደሎች ቁጥርም ናቸው፤ አዝ 1፣ ቡኪ 2፣ ቬዲ 3። በሲሪሊክ ቡኪ ዋጋ የለውም፣ ቬዲ ደግሞ 2 ነው። ፊደሉን በፊደል የለወጠ ሰው ሳያስበው ዓመተ ምሕረት ያዛባል። ስለዚህ በመንግሥት ገንዘብ በሚነሣ እያንዳንዱ የብራና ፎቶ ጎን ጽሑፉ በራሱ በግላጎሊቲክ ዩኒኮድ ይለቀም። ከመስመር በላይ ለሚጻፉት ትናንሽ ፊደሎችም በ2016 ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ስለዚህ «ቦታ የለውም» ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ልመናዬ ፎንት ነው። ፊደላችሁ ሁለት መልክ አለው፤ ጥንታዊው ክቡና በእናንተ አገር የዳበረው ማዕዘናማው። ዩኒኮድ ለሁለቱም አንድ ቁጥር ሰጠ። ልክ ነው እላለሁ። የጸሐፊው እጅ ቢለያይም «መ» ያው «መ» ነው። ግን መልኩን የሚወስነው ፎንቱ ነውና፣ ስልኩ ላይ ያለው ክቡ ብቻ ከሆነ የዛዳር ከተማችሁ ልጅ የአያቶቹን ጽሑፍ በሌላ መልክ ያየዋል። በሚኒስቴሩ ስም የወጣ፣ ማንም በነፃ የሚጭነው፣ የስልክ ኩባንያዎችም ያለ ክፍያ የሚወስዱት ጥሩ ማዕዘናማ ፎንት ቢኖርስ?

በ2023 ዩሮ ስትቀበሉ በ1፣ በ2 እና በ5 ሳንቲም ላይ የአገራችሁን ምሕጻረ ስም በግላጎሊቲክ ቀርጻችኋል። ወድጄዋለሁ። አሁን ሰው ሳንቲሙን በአንድ ኪሱ፣ ስልኩን በሌላው ይዞ ይሄዳል። በሳንቲሙ ላይ ያለውን በስልኩ መጻፍ ይቻለው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 22 ቀን፣ በ1483 የታተመውን የመጀመሪያ መጽሐፋችሁን አስባችሁ የግላጎሊቲክን ቀን ታከብራላችሁ። ለሚቀጥለው ቢደርስ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ፊደል ለቃሚ፣ ከአዲስ አበባ