ልጄ ሆይ፣ የቴሪያኪውን ሶስ እንዲህ ሥሪው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እናትሽም እኔም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ባለፈው እሑድ ስትደውዪ፣ ከሱቅ የገዛሽው የቴሪያኪ ሶስ ማር እንደፈሰሰበት ጣፋጭ ብቻ ሆኖ፣ በልጅነትሽ ማታ ከሥራ ስመለስ ይዤልሽ እመጣ የነበረውን ጣዕም እንዳጣሽበት ነግረሽኛል። በስልክ ላስረዳሽ ብሞክርም መጠኑን እያቀላቀልሁ ስላስቸገርሁሽ፣ ረጋ ብለሽ እያነበብሽ እንድትሠሪው ይህን ደብዳቤ ጻፍሁልሽ።

ከስሙ ልጀምር። በጃፓንኛ «ቴሪ» ማብረቅረቅ ነው፣ «ያኪ» ደግሞ መጥበስ። ስለዚህ ቴሪያኪ በመሠረቱ የአጠባበስ ስም ነው፤ ሶሱ ከሥጋው ወይም ከዓሣው ጋር እሳት ላይ ተኖ፣ ተጣብቆ፣ ላዩን ሲያበራው ነው ስሙን የሚያገኘው። ጃፓን ውስጥ ቡሪ በሚባል ዓሣ መሥራቱ የተለመደ ሲሆን፣ የሚገባበትም ሶያ ሶስ፣ ሚሪን የተባለው ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ፣ ሳኬ የተባለው የሩዝ አልኮልና ጥቂት ስኳር ብቻ ነው። አንቺ ያደግሽበት ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ግን የሲያትል ነው። ቶሺ ካሳሃራ የተባሉ ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1976 በኩዊን አን ኮረብታ ግርጌ ትንሽ ምግብ ቤት ከከፈቱ በኋላ ቴሪያኪ በከተማው ሁሉ ተዛመተ፤ እየቆየም ብዙዎቹን ቤቶች ከኮሪያ የመጡ ስደተኞች ያዙዋቸውና የአገራቸውን ቅመም ጨመሩበት። እኔ የሠራሁትም በአንዲት በዕድሜ የገፉ ኮሪያዊት ምግብ ቤት ነበር። አገር ቤት ሳለሁ ወንድ ልጅ ማዕድ ቤት ገብቶ ድስት ማማሰሉ አልተለመደምና ማማሰያ መያዝን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ ዛሬ የምነግርሽም በአብዛኛው ከእርሳቸው እጅ የተማርሁትን ነው።

ከሁሉ በፊት ሶያ ሶሱን ምረጪ። ጠርሙሱን አዙረሽ ስታነቢው ውኃ፣ አኩሪ አተር፣ ስንዴና ጨው ከሚለው ብዙም የማይርቀውን ውሰጂ። በደንብ የተጠመቀ ሶያ ሶስ የሚሠራው የተቀቀለ አኩሪ አተርና የተቆላ ስንዴ ተቀላቅለው፣ ኮጂ የሚባል ሻጋታ ከተዘራባቸው በኋላ፣ በጨው ውኃ ውስጥ ለወራት እንዲብላሉ በመተው ነው። አያትሽ ጠላ ስትጠምቅ ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር እንደሚለውጥላት ሁሉ፣ በሶያ ሶሱ ውስጥም ያንኑ ሥራ የሚሠራው ኮጂው ነው፤ ከዚያም አልፎ የአኩሪ አተሩን ፕሮቲን ሰባብሮ ያንን ሥጋ ሥጋ የሚል ጣዕም ያወጣል። በችኮላ በፋብሪካ በኬሚካል የተዘጋጀው ሶያ ሶስ ይህ ጥልቀት የለውም፤ ስኳር ብትጨምሪበትም ጨውና ስኳር ለየብቻ ይሰማሻል እንጂ አይዋሐዱም። የገዛሽው ሶስ ያሳዘነሽ ከዚህም የተነሣ ይመስለኛል።

ጨውን ካነሣሁ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተራ ሶያ ሶስ 900 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም እንዳለው እወቂ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2,000 ሚሊ ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። የደም ግፊት ከተገኘብኝ ወዲህ እኛ ቤት ጨው የተቀነሰለትን እንጠቀማለን፤ ይህ ነገር በዘርም ሊመጣ ስለሚችል አንቺም ከወዲሁ ልመጂው።

አሁን ወደ ድስቱ እንሂድ። ግማሽ ኩባያ ሶያ ሶስ፣ ግማሽ ኩባያ ውኃ፣ አምስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የሩዝ አቼቶ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ዝንጅብልና አንድ ፍሬ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት በትንሽ ድስት ጨምረሽ፣ ስኳሩ እስኪሟሟ በመካከለኛ እሳት አማስዪው። መንተክተክ ሲጀምር እሳቱን ቀንሺና አምስት ደቂቃ ያህል ተዪው። በሌላ ዕቃ ሁለት የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጪ። ውኃው ቀዝቃዛ ይሁን ማለቴን አትርሺ፤ በሥራው የመጀመሪያ ሳምንት ደረቁን ስታርች በሚፈላው ሶስ ላይ በትኜበት ድስቱ ሙሉ ጓል በጓል ሆኖ ነበር፤ አሠሪዬ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ወንፊት አምጥተው አብረን አጠለልነው። የበጠበጥሽውን በቀጭኑ እያፈሰስሽ፣ እጅሽ ሳያቋርጥ አማስዪ።

ልጄ፣ ዋናው ነገር ከእሳት የሚወርድበት ጊዜ ነው። ሶሱ ትኩስ ሳለ ቀጭን፣ ሲቀዘቅዝ ግን ወፍራም ስለሚሆን፣ ድስቱ ላይ ሳለ የምትፈልጊውን ውፍረት ከጠበቅሽ ጠርሙስ ውስጥ ሙጫ ይሆንብሻል። ማንኪያውን ነክረሽ አውጪና በጀርባው ላይ በጣትሽ መስመር አስምሪበት፤ መስመሩ ሳይገጥም ከቆየ፣ ገና ቀጭን ቢመስልሽም ያን ጊዜውኑ አውርጂው። የጃፓኑን ለመሥራት ከፈለግሽ ደግሞ ስታርቹን ተይውና ሶያ ሶስ፣ ሚሪንና ሳኬ እኩል እኩል፣ ስኳሩን የአንዱን ሩብ አድርገሽ፣ በሦስተኛ እጅ ያህል እስኪቀንስ አትኚው። ለእኔ ከሁለቱ የሚያበራው ይህኛው ነው፤ ሚሪኑ ግን ውድ ነው።

ዶሮውን በተመለከተ ደረቱን ሳይሆን ጭኑን ግዢ፤ ስብ ስላለው አይደርቅም። ቆዳውን ወደ ታች አድርገሽ መጥበሻ ላይ ዘርጊው፣ ቆዳው ወርቃማ ሲሆን ገልብጪው፣ ውስጡ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ሲቃረብ የወጣውን ስብ ድፊና ሶሱን ያን ጊዜ ብቻ አፍስሽበት። ስኳር ቶሎ ያርራልና ከመጀመሪያው ከጨመርሽው ሥጋው ሳይበስል ላዩ ጠቁሮ ይመርራል። ሶሱ አረፋ እያወጣ ሲተን፣ በማንኪያ እየቀዳሽ ላዩ ላይ ደጋግመሽ አልብሽው። ጥሬ ዶሮ የዘፈዘፍሽበትን ሶስ ግን ሳታፈዪው በምንም ምክንያት ማዕድ ላይ እንዳታቀርቢ አደራ። የተረፈውን ንጹሕ ሶስ በጠርሙስ ከድነሽ ፍሪጅ ብታኖሪው አንድ ሳምንት ይቆያል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሶሱ ራሱ የጾም ነውና በእንጉዳይ ወይም ከአኩሪ አተር በሚሠራው ቶፉ ሥሪው፤ ቶፉውን አስቀድመሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ ውኃውን ካላወጣሽለት ግን ሶሱን አይቀበልም። አብራሽ የምትኖረው ጓደኛሽ ሙስሊም ስለሆነች፣ ለእርስዋ ስትሠሪ ሚሪንና ሳኬ ፈጽሞ አታግቢ። ተጠምቆ የተሠራ ሶያ ሶስም ራሱ ከመብላላቱ የተነሣ 2 በመቶ ያህል አልኮል ሊኖረው ስለሚችል፣ ሠርተሽ ከማቅረብሽ በፊት ጠርሙሱን አሳይተሽ ጠይቂያት፤ ካልተስማማት አልኮል የሌለበት ተብሎ የሚሸጥም አለ።

እናትሽ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝና ስትሠሪ በቪዲዮ ደውዪልን ብላለች። እኔም የማንኪያውን ጀርባ ማየት እፈልጋለሁ።

አባትሽ፣
ሲያትል