«መጣሁ» ብሎ በር ላይ የቆመው ልጅ፦ የእንግሊዝኛ ክበብ ዓመት

ዘንድሮ የክበባችን የመጀመሪያ ቀን ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግማሹ የለም። ጥፋቱ የኔ ነው። ያንን የታወቀ ሠንጠረዥ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት፤ 3 የግስ ጊዜ (ያለፈ፣ አሁን፣ ወደፊት)፣ ለእያንዳንዱ 4 መልክ፣ በድምሩ 12 የእንግሊዝኛ ቴንስ ከነቀመሩ። ልጆቹ ገለበጡት፣ ሸመደዱት፣ ስጠይቃቸውም አንድ ሳይስቱ መለሱ። ከዚያ በር ላይ ቆሞ ከጓደኛው ጋር የሚያወራ አንድ ልጅ «ና ግባ እንጂ» ስለው «አይ ኬም!» አለኝ። ንቅንቅ አላለም።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም ሳቅኩ። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ልጁ እኮ ያሰበው በትክክል ነው። ሲጠሩን ገና ከወንበራችን ሳንነሳ «መጣሁ!» እንላለን። «ራበኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «ገባኝ» ስንልም ግሱ ያለፈ ነው፣ ረሃቡና ድካሙ ግን አሁን ነው። እንግሊዝኛው እዚህ ቦታ «አይ አም ካሚንግ»፣ «አይ አም ሀንግሪ»፣ «አይ አንደርስታንድ» ይላል። 12ቱ ሳጥኖች ውስጥ ይሄ የትም አልተጻፈም።

ስለዚህ ሠንጠረዡን አንስተን የስህተት ደብተር ከፈትን። ደንቡ ቀላል ነው፦ ስህተቱን ጻፍ፣ ጎኑ ላይ የመጣበትን አማርኛ ጻፍ፣ ስም አትጻፍ።

ብዙ ገጽ የበላው «ሃቭ» ነው። «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» የሚል ስንት ጊዜ እንደተጻፈ መቁጠር አቁሜያለሁ። በአማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ማንንም አይቆረቁርም። እንግሊዝኛ ግን ያለቀ ቀን ከጠራችሁ «ሃቭ»ን አይቀበልም፤ «አይ ሶው ሂም የስተርደይ» ነው። ቀኑን ካልጠራችሁት፣ ወይም ነገሩ እስከ አሁን ከቀጠለ፣ ያኔ «ሃቭ» ይመጣል፦ «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ስሪ ይርስ»። እዚህ ላይ ደግሞ «ሲንስ» እየገባ ያስቸግራል። «ፎር» ለቆይታው ርዝመት ነው፣ «ሲንስ» ለተጀመረበት ጊዜ። ይቺን ለመለየት ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጅተናል፣ አይቆጨኝም።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የ«አለች» ጣጣ ነው። እኛ የሰው ንግግር እንዳለ እናቀርባለን፤ «ክፍሉን እጠርጋለሁ አለች» እንላለን፣ የሚጠርገው ማን እንደሆነ ማንም አይጠፋውም። አንዲት ተማሪ ይሄንኑ ስለ ጓደኛዋ ስትነግረን «ሺ ሴድ አይ ዊል ክሊን ዘ ክላስ» አለች። እኔ ምን አደርጋለሁ፣ መጥረጊያውን ለራሷ ሰጠኋት። «አይ» ያለችው እሷ ናታ! «ሺ ሴድ ሺ ውድ ክሊን ዘ ክላስ» እስክትል ድረስ አንድ ረድፍ ጠርጋ ነበር።

ሌላው ሌላው ያው የምታውቁት ነው። «ዲድ ዩ ዌንት» ቀንሷል፤ «ዲድ» አንዴ ያለፈውን ጊዜ ከተሸከመ ግሱ ድጋሚ አይሸከምም። የ«ሂ» እና የ«ሺ» «ኤስ» ግን አሁንም ከግሱ ጫፍ እየወደቀች ነው፣ ለከርሞ ትሻገራለች። የ«ጎ» ያለፈ ጊዜ «ዌንት» የሆነው «ዌንድ» ከሚባል ሌላ ግስ ተወስዶ ነው ስላቸው ደግሞ «ታዲያ እኛን ለምን ትቆጡናላችሁ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ደብተሩ አልቋል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ስህተት የኔ ነው፤ የክበቡ ማስታወቂያ ላይ በገዛ እጄ «ዲስከስ አባውት ቴንስስ» ብዬ ጽፌ ነበር። ጎኑ ላይ «ስለ ቴንስ እንወያይ» የሚል አማርኛ ሰፍሯል፣ «አባውት» ላይም ረጅም ሰረዝ ተሰምሮበታል። ስም አይጻፍም ብለናል፣ ግን የእጅ ጽሑፉን አውቄዋለሁ። መጥረጊያ ያስያዝኳት ልጅ ናት።