ለቀድሞ ተማሪዎቼ የቀረበ የምስጋና መልእክት

ባለፈው ጥር ወር ከቤቴ ደረጃ ላይ ወድቄ የዳሌ አጥንቴ በተሰበረ ጊዜ የቀዶ ሕክምናውን ወጪ የሸፈናችሁልኝ፣ ደም የለገሳችሁልኝ፣ አጥሚትና ሾርባ ይዛችሁ በተራ ያስታመማችሁኝ፣ ከባሕር ማዶም እየደወላችሁ የጠየቃችሁኝ የደብረ ማርቆስ የቀድሞ ተማሪዎቼ በሙሉ፣ እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈልልኝ። እነሆ በዎከር እየተደገፍኩ እስከ ግቢው በር መድረስ ጀምሬአለሁ።

በተኛሁባቸው ሦስት ሳምንታት ሕመሙን ያስረሳኝ የእናንተ ጨዋታ ነበር። አንዳችሁ፣ ዛሬ የልጅ ልጅ ያየ ሽበታም ሰው፣ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ «ብሪንግ፣ ብሮት፣ ብሮት» እያለ የእንግሊዝኛውን ግሥ እርባታ በቃሉ ሲወጣልኝ፣ ነርሷ ሰውየው ምን እንደነካው ግራ ገብቷት ነበር። ሌላዋ ደግሞ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ የተናገረ ሁሉ አሥር ሳንቲም እንዲቀጣ ያወጣሁትን ደንብ አስታውሳ፣ ሳትከፍል የቀረችውን ውዝፍ በፖስታ አሽጋ አስረከበችኝ። (ደንቡን አዘውትሬ የጣስኩት ግን እኔው ነበርኩ፤ ስቆጣ እንግሊዝኛው ይጠፋብኝ ነበርና።)

በዚያ ዘመን እስከ ስድስተኛ ክፍል ሒሳቡንም ሳይንሱንም በአማርኛ የተማረ ልጅ፣ ሰባተኛ ክፍል ሲገባ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ይጋፈጠው ነበር። ያን ገደል የተሻገራችሁት በኩራዝ ብርሃን ቃላት እየሸመደዳችሁ በራሳችሁ ጥረት ነው። ለማትሪክ ስትዘጋጁ ቅዳሜ ቅዳሜ እቤቴ ተሰብስባችሁ፣ በስቴንስል የተባዛ የቀድሞ ዓመታት ፈተና እየተቀባበላችሁ ፓሲቭ ቮይሱንና ኮምፕሪሄንሽኑን ስትሠሩ፣ ባለቤቴ ቆሎ ታቀርብላችሁ እንደነበር ብዙዎቻችሁ አንስታችኋል፤ በሕይወት ኖራ ብትሰማው እንዴት ደስ ባላት። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የተማራችሁትማ ትምህርቱ በቴሌቪዥን ይሰጥ በነበረበት በፕላዝማ ዘመን የደረሳችሁ ስለሆናችሁና የእኔም ሥራ በአመዛኙ ቴሌቪዥኑን መክፈትና መዝጋት ስለነበር፣ እኔን ማስታወሳችሁ አስገርሞኛል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። በ1978 ዓ.ም. ከገጠር መጥቶ ዘጠነኛ ክፍል የገባ አንድ ልጅ፣ «አይላንድ» የሚነበበውን ቃል ፊደሉን ተከትሎ «ኢስላንድ» ብሎ ሲያነብ ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት፤ እኔም ዝም ማሰኘት ሲገባኝ አብሬ ሳቅሁ። ልጁ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓመቱ እስኪያልቅ ድምፁን አውጥቶ አላነበበም። ለሕክምናዬ የገንዘብ ማሰባሰቡን የጀመረው እሱ መሆኑን የነገሩኝ ከሆስፒታል በወጣሁ ማግስት ነው። ስደውልለት ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አላነሳም፤ እኔም አንደበቴ ተሳስሮ ከምስጋና በቀር የተናገርኩት አልነበረም። የሳቅሁበት በክፍሉ ሁሉ ፊት ነበርና፣ ይቅርታውንም ያው ክፍል በሚያነበው በዚህ ደብዳቤ እጠይቀዋለሁ።

የእንግሊዝኛ መምህራችሁ