የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ያጠፋነውና ልናጠፋው የነበረው

በወላጆች ቀን ሁሉም ክበብ ጠረጴዛውን ዘርግቶ የሠራውን ያሳያል። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ችግኝ ይደረድራል። የኪነ ጥበብ ክበብ ሥዕል ይሰቅላል። የእኛ ጠረጴዛ ላይ የነበረው አንድ ላፕቶፕ ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ የተሰረዙ የኮምፒውተር ኮድ መስመሮች በቀይ ተደርድረዋል። አንድ አባት ጠጋ ብለው አዩና «እናንተስ ዘንድሮ ምን ሠራችሁ?» አሉ። አንዱ ተማሪዬ ፈጠን ብሎ «አጠፋን» አላቸው። አባትየው ግራ ገብቷቸው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፉ። ይህን ዘገባ በመጀመሪያ ለእሳቸው ነው የምጽፈው። ቀጥሎም «እነዚያ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምፒውተር ላይ ይጫወታሉ» ለሚሉት ባልደረቦቼ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሬጅስትራር ቢሯችን የተማሪዎችን የልደት ቀን ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ የሚቀይርባት አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አለች። ፓይተን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈች ናት። ኦፕን ሶርስ ስለሆነች ኮዷን ማንም ማየት፣ ማንም ማሻሻል ይችላል። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት ጀመራት፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው እጁን አስገብቶባታል። አንዱ ይጨምራል፣ ሌላውም ይጨምራል። የሚቀንስ ግን አልነበረም። ጥቅምት ላይ ኮዷን ከፍተን ስናነብ ማንም የማይጠራቸው ፋንክሽኖች፣ ማለትም በስማቸው ሲጠሩ አንድ ሥራ የሚሠሩ የኮድ ክፍሎች አገኘን። የፋንክሽኑ ሥራ እዚህ አበቃ ከሚለው «ሪተርን» በታች ተጽፈው ኮምፒውተሩ መቼም የማይደርስባቸው መስመሮች አገኘን። ተጠርተው መጥተው ሥራ ያልተሰጣቸው ላይብረሪዎችም (ተዘጋጅተው የሚመጡ የኮድ ስብስቦች) ነበሩ። የሞተ ኮድ የሚባለው ይሄ ነው። ፕሮግራሟ ያለ እሱም ትሠራለች። ኮዱን የሚያነብ ሰው ግን ዘሎት ማለፍ አይችልም። አንድ አዲስ አባላችን ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ሲታገላት የከረማት ፋንክሽን መጨረሻ ላይ ምንም የማትሠራ ሆና ተገኘች። ልጁ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«ታዲያ ቢቀመጥ ምን ይበላል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ይበላል። ናይት ካፒታል የሚባል አክሲዮን የሚገዛና የሚሸጥ የአሜሪካ ድርጅት ነበር። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማይጠቀምበት አሮጌ ኮድ ከሲስተሙ ሳይወጣ ቀረ። በ2012 እ.ኤ.አ. አዲስ ፕሮግራም ሲጭኑ ድሮ ያንን አሮጌ ኮድ የምታስነሳውን ምልክት ለሌላ ሥራ ተጠቀሙባት። አዲሱ ፕሮግራም ከ8 ሰርቨሮች በ7ቱ ላይ ተጫነ፤ 8ኛው ተረሳ። ኦገስት 1 ቀን ጠዋት ገበያው ሲከፈት በተረሳው ሰርቨር ላይ የሞተው ኮድ ተነሣ። ያለ ልክ አክሲዮን መግዛትና መሸጥ ጀመረ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ድርጅቱ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ነው ያለው።

ማጥፋት የሥራ ፈት ሥራ እንዳልሆነም በዓለም ታይቷል። በ2014 እ.ኤ.አ. ኦፕን ኤስኤስኤል በሚባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ላይ ያ «ሃርትብሊድ» የተባለው ቀዳዳ ሲገኝ፣ ኦፕን ቢኤስዲ የሚባለውን የኮምፒውተር ሲስተም የሚሠሩ ሰዎች ኮዱን ወስደው ሊብሬ ኤስኤስኤል ብለው ማጽዳት ጀመሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከ90,000 በላይ መስመር አወጡ። ሊነክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሲስተምም በ2018 እ.ኤ.አ. ተጠቃሚ ያጡ 8 የፕሮሰሰር ዓይነቶችን ባንዴ ሲያሰናብት ወደ ግማሽ ሚሊዮን መስመር ቀንሷል። የእኛ ልጆች የሠሩት ከዚህ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። የሥራው ዓይነት ግን አንድ ነው።

መደበኛውን ነገር ልጨርሰውና ወደ ዋናው ልሂድ። ጥቅምት ላይ ኮሚቴ ተመረጠ። በዓመቱ 26 ቅዳሜ ተሰበሰብን። በሰልፍ ላይ ሦስት ጊዜ ስለ ኢንተርኔት ደኅንነት ንግግር አቀረብን። ለ9ኛ ክፍል የትየባ ሥልጠና ሰጠን። የሳይንስ ሙዚየም ጉብኝታችን በትራንስፖርት ምክንያት ቀርቷል።

አሁን ስለ አሞራው ላውራ። ቨልቸር የሚባል መሣሪያ በፍላሽ አምጥቼላቸው ነበር። ቃሉ በእንግሊዝኛ ጥንብ አንሳ ማለት ነው። ቄራ አካባቢ ላደጉ ልጆች ከዚህ በላይ ማብራራት አላስፈለገኝም። በዚያው ቀን «አሞራው» አሉት፤ በዚያው ቀረ። አሞራው ፕሮግራሙን አያስኬደውም፤ ኮዱን ያነባል። የተፈጠሩትን ስሞች በአንድ በኩል፣ የተጠሩትን በሌላ በኩል ይሰበስባል። ተፈጥሮ ያልተጠራ ስም ሲያገኝ ከነመስመር ቁጥሩ ያወጣዋል። ከጎኑም ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ በመቶኛ ይጽፋል። ፈጽሞ የማይደረስበት መስመር ከሆነ 100፣ ሥራ ያልተሰጠው ላይብረሪ ከሆነ 90፣ ያልተጠራ ፋንክሽን ከሆነ 60 ይላል። ይህቺን 60 ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሞራው 61 ነገር ለቅሞ አወጣልን። ልጆቹ እንደ አዝመራ አጫጅ ገቡበት። ኅዳር ላይ 40 የሚጠጋ ስረዛ በአንድ ፑል ሪኩዌስት (ለውጣችንን ተቀበሉን የሚል ጥያቄ) አጭቀን ላክን። የሚላከውን ለውጥ የሚመረምረው የፕሮጀክቱ ጠባቂ መለሰልን። ይህን ሁሉ ባንዴ መመርመር ስለማይቻል ለየብቻ አድርጉት አለን። ልጆቹ አኮረፉ። እኔም ከፍቶኝ ነበር። ደግመን ስናስበው ግን ሰውየው ልክ ነው። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ሰሌዳው ጥግ ላይ አንድ ሕግ ተጽፎ ቀረ፤ ጽዳት ሠራተኛዋም እንዳያጠፉብን ተነግሯቸዋል። መጀመሪያ ስሙን በኮዱ ሁሉ ፈልግ። ከዚያ ጊት በሚባለው የለውጦች መዝገብ ታሪኩን ገልብጠህ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደጻፈው እይ። ከዚያ አጥፋና ቴስቱን (ፕሮግራሟ በትክክል መሥራቷን የሚፈትሸውን ኮድ) አስኪድ። አንድ ስረዛ፣ አንድ ኮሚት (ጊት ላይ የሚመዘገብ አንድ ለውጥ)። የጠፋው ሁሉ ጊት ውስጥ ስለሚቀር ከተሳሳትን እንመልሰዋለን።

የካቲት ላይ ተራው የአንዲት የ10ኛ ሐ ተማሪ ሆነ። ስሟን እንዳልጽፍ ራሷ ጠይቃኛለች። መንፈቀ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን የሰማሁት ስም ስጠራ ብቻ ነው። መስኮቱ ሥር፣ ስፔስ ባሩ እየተነቀለ የሚያስቸግረው ኮምፒውተር ላይ ነው የምትቀመጠው። የደረሳት ፋንክሽን ስሙ «ሉቃስ» ነው። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ የሚባሉ አራት ፋንክሽኖች አሉ። እያንዳንዳቸው በስማቸው በሚጠራው ዘመን ጳጉሜ ስንት ቀን እንዳላት ይናገራሉ። ሦስቱ 5 ይላሉ፤ ሉቃስ 6። አሞራው ሦስቱን ሳይነካ ሉቃስን ብቻ ሞቷል አለ።

ልጅቷ ሕጉን አንድ በአንድ ተከተለች። ስሙን ፈለገች። አንድ ዝርዝር ውስጥ በጥቅስ ምልክት ተጽፎ አገኘችው። ስክሪን ላይ የሚወጣ የዘመን ስም ነው ብለን አለፍነው። አጠፋችው። ቴስቱን አስኬደች፤ ሁሉም አረንጓዴ ሆነ፣ ማለትም አለፈ። እኔም አይቼ «ጎበዝ» አልኳት። የስልኬ ዳታ አልቆ ስለነበር ሰኞ እንልከዋለን ተባባልን።

ልጆቹ ቦርሳቸውን አንግተው ሲወጡ እሷ አልተነሣችም። በሩን ልቆልፍ ጠበቅኳት። ከኋላዋ ቆሜ ሳይ፣ በሁለት ጣት እየፈለገች ጳጉሜ 6፣ 2011 ብላ ጻፈች። ኢንተር ነካች። ፕሮግራሟ ስህተት አውጥታ ቆመች። ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝና «ቲቸር፣ የእህቴን ልደት አይቀበልም» አለችኝ።

ታናሽ እህቷ ጳጉሜ 6 ቀን ናት የተወለደችው። ያ ቀን በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። እስካሁን ልደቷ በቀኑ የተከበረላት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ2015 ነው። በሌላው ዓመት ከእንቁጣጣሽ ጋር ይደረብባታል። እቤታቸው «ሉቃስ መቼ ነው?» የትንሿ ልጅ የዘወትር ጥያቄ ነው አለችኝ። ለዚህ ነው ሉቃስ የሚለውን ስም ስታጠፋ እጇ የከበዳት።

ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ያህል ከእሷ ጋር ኮዱን ፈተሽን። ፕሮግራሟ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ትደምርና ለ4 ታካፍላለች። በቀሪው መሠረት ከዚያ ዝርዝር አንድ ስም ታነሣለች። ከዚያ በዚያ ስም የተጻፈውን ፋንክሽን ፈልጋ ትጠራለች። በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያየነው ስም ጌጥ አልነበረም፤ መጥሪያው ነው። አሞራው ደግሞ በጥቅስ ውስጥ ያለን ጽሑፍ እንደ ጥሪ አይቆጥርም። ሦስቱን ያልነካቸው ቴስቱ ውስጥ በስማቸው ስለተጠሩ ነው። ቴስቱን የጻፈው ሰው 2012ን፣ 2013ን፣ 2014ን ሞክሮ እዚያ ላይ አቆመ። ዮሐንስ፣ ማቴዎስ፣ ማርቆስ። ሉቃስ ሳይሞከር ቀረ። አረንጓዴው ያታለለን በዚህ ነው።

አሞራው እኮ 60 ብሎን ነበር። እኛ ነን እንደ 100 የቆጠርነው።

ያ ኮሚት ሄዶ ቢሆን ኖሮ በ2011 ጳጉሜ የተወለዱ ልጆች አንደኛ ክፍል ሊመዘገቡ ሲመጡ ሬጅስትራር ቢሮ መስኮት ላይ ይቆሙ ነበር። ወላጅ ይጉላላል። ምክንያቱን የሚያውቅ አይኖርም። ከዚህ ያዳነን ኮምፒውተሩም መሣሪያውም አይደለም። እህቷን ያሰበች አንዲት ልጅ ናት። እኔ 14 ዓመት አስተምሬያለሁ። በዚያ ቅዳሜ የተሰማኝን ኩራት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው ያገኘሁት።

ልጅቷ ሉቃስን ከጊት መለሰችው። ቀጥላ አዲስ ቴስት ጻፈች፤ ጳጉሜ 6፣ 2011 ሲገባ ሴፕቴምበር 11፣ 2019 መውጣት አለበት የሚል። ሰኞ ላክነው። የፕሮጀክቱ ጠባቂ በሁለተኛው ቀን ተቀበለው። አሁን ፕሮግራሟን የሚነካ ማንኛውም ሰው ያንን ቀን ሳያልፍ ለውጡ አያልፍለትም። ወረቀቱን አትሜ ሰጠኋት፤ እቤት ይዛው ሄደች።

ከ61ዱ እስከ ሰኔ 47ቱን አጥፍተናል። 9ኙ እንደ ሉቃስ በሕይወት ያሉ ሆነው ተገኙ፤ ለእያንዳንዳቸው ቴስት ጻፍንላቸው። 5ቱ ላይ ገና አልተስማማንም።

ያልሆነልንም አለ። በ23 ተማሪ ጀምረን በ14 ጨረስን። የቀሩት «አፕ እንሠራለን ብለን ነበር የመጣነው» ብለው ነው የሄዱት። ከመጀመሪያው ሥራውን በደንብ አላስረዳኋቸውም፤ በዚህ የምጠየቀው እኔ ነኝ። መጋቢት ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሁለት ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ተቃጥሏል።

ስለ ዕቃው በግልጽ ልናገር። ክፍሉ ውስጥ 19 ኮምፒውተር አለ ተብሎ በሪፖርት ይጻፋል። የሚሠራው 11 ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ቃል የገባልን ዕቃ እስካሁን አልደረሰንም። ኢንተርኔቱ የእኔ ስልክ ነው። ለእግር ኳስ ክበብ ማሊያ ሲገዛ ከልቤ ነው ያጨበጨብኩት፤ ይገባቸዋል። እኛ የምንጠይቀው ከዚያ አይበልጥም። ከ8ቱ ቆመው ከሚታዩት ኮምፒውተሮች 5ቱ ራም ቢገባላቸው ይነሣሉ። ሁለቱ ፓወር ሰፕላይ ይፈልጋሉ። አንድ ስታቢላይዘር ቢገኝ ደግሞ መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር አንሳቀቅም። እቤቱ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ራም ያለው ወላጅ ቢኖር፣ ትንሽ ነው ብሎ አይተወው።

ምዝገባ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ነው። ልምድ አንጠይቅም። በወላጆች ቀን «ምን ሠራችሁ?» ያሉን አባትም ይህን ካነበቡ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ብቅ ይበሉልን። ከላይብረሪው ጀርባ ነን፤ ያጠፋነውን ልጆቹ ራሳቸው ያሳዩዎታል።